የውሃው ልክ

«መጠነኛ ማለት አርባ አራት ዲግሪ ነው» አሉ አባባ ኢሶዛኪ፣ ፎጣቸውን ራሳቸው ላይ እንደጣሉ። «ከዚያ በታች የሕፃን ገላ ማጠቢያ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ሾርባ። ጻፊው።»

ናጊሳ አልጻፈችም። ደንበኞች በጋራ ሙቅ ገንዳ ውስጥ በሚዘፈዘፉበት በቤተሰቧ የሕዝብ መታጠቢያ ቤት መግቢያ፣ ከባንኮኒው ጀርባ ተቀምጣ ከእንግሊዝኛ የቤት ሥራዋ ጋር እየታገለች ነበር። መምህሯ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ አንድ ቃል አድለው፣ ትርጉሙንና ተመሳሳዮቹን ሰኞ ክፍል ፊት ቆሞ እንዲያስረዳ አዘዋል። የእሷ ዕጣ «ሞደሬት» ሆነ። መዝገበ ቃላቱ መጠነኛ ይላል፣ ልከኛ ይላል፣ መካከለኛ፣ ለዘብ ያለ፣ ያልበዛ ያላነሰ ይላል። ከምን እንዳልበዛና ከምን እንዳላነሰ ግን ትንፍሽ አይልም። ስለዚህ የሚገባ የሚወጣውን ደንበኛ መጠየቅ ጀመረች።

«ለእኔማ» አለች የጌንታ እናት፣ የትንሽ ልጇን ፀጉር እያደረቀች፣ «ልጅ ገብቶበት የማያለቅስበት ውሃ ነው።»

«ታዲያ ልጅሽ መች አለቀሰ?» አሉ አባባ ኢሶዛኪ። «ይኸው አርባ አራት ውስጥ ገብቶ ወጣ። ጎበዝ ነው።»

ናጊሳ አንገቷን ደፋች። ውሃው አርባ አራት አልነበረም።

ነገሩ የተጀመረው አባቷ ወገቡን ይዞት ፎቅ ላይ የተኛ ዕለት ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ፣ ከትምህርት ቤት መልስ ማሞቂያውን የምትጠብቀው እሷ ሆነች። «ከአርባ አራት እንዳታወርጂው» ብሏታል አባቷ። «ሽማግሌዎቹ ከቀሩብን ዓመቱን አንዘልቅም። እንዘጋለን።» ቀልዱን አልነበረም። ዛሬ በየቤቱ መታጠቢያ አለ፤ ሳያሰልሱ የሚመጡት እንደ አባባ ኢሶዛኪ ያሉ ጡረተኞች ብቻ ናቸው። እነሱ ደግሞ ገንዳውን ለማብረድ የቀዝቃዛውን ቧንቧ የከፈተ ሰው ካዩ በዓይናቸው ገርፈው ያስወጡታል። አዲስ ወደ ሰፈሩ የገቡት ቤተሰቦች አንድ ቀን ይመጣሉ፣ እንደ ተቀቀለ ሸርጣን ቀልተው ይወጣሉ፣ በዚያው ይቀራሉ።

ዘዴውን ያመጣችው ካናኤ ናት። የክፍል ጓደኛዋ ስትሆን፣ ወለሉን በመፈግፈግ ትረዳትና ለውለታዋ በነፃ ትታጠባለች።

«ባክሽ አታካብጂ» አለቻት። «ሽማግሌዎቹ እኮ የሚታጠቡት በውሃው ሳይሆን በመለኪያው ነው። ውሃውን አርባ ሁለት አድርጊው፣ መርፌውን አርባ አራት ላይ እናቁመው። ማን ያውቃል?»

በወንዶቹም በሴቶቹም በኩል ግድግዳው ላይ ክብ የሙቀት መለኪያ አለ፤ ከጀርባው ደግሞ ትንሽ ብሎን። ካናኤ ካቻቢቴ ይዛ ሁለቱንም አዞረቻቸው። ናጊሳ በር ጠበቀች።

ሠራ። የዚያን ዕለት አባባ ኢሶዛኪ ገቡ፣ ቀና ብለው መለኪያውን አዩ፣ ገንዳው ውስጥ ጥልቅ አሉና «እፎይ፣ ውሃ ማለት ይኼ ነው» ሲሉ ድምፃቸው እስከ ባንኮኒው ተሰማ። ሁለቱ ልጆች ፎጣ አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው ሳቁ። ጌንታና እናቱም መጡ፤ በማግስቱ ተመልሰው መጡ፤ ጎረቤትም አስከትለው መጡ። አባቷ ፎቅ ላይ ተኝቶ የበሩን መከፈትና መዘጋት ሲሰማ ፊቱ ፈካ። ናጊሳ ውሸት መሆኑን አላጣችውም። ማንንም ያልጎዳ ውሸት ምኑ ውሸት ነው እያለች ራሷን ታጽናናለች እንጂ።

አሁን አባባ ኢሶዛኪ ከማቀዝቀዣው አንድ ጠርሙስ ወተት አወጡና ለጌንታ ዘረጉለት። «እንካ፣ ባለ አርባ አራቱ።»

ልጁ በሁለት እጁ ተቀበለ። «አባባ፣ ነገ እኮ አያቴ ጋ እንሄዳለን። እዚያም አርባ አራት አለ።»

«የባለቤቴ ወላጆች ተራራው ላይ ናቸው» አለች እናቱ። «አጠገባቸው ፍል ውሃ አለ። አርባ አራት ይላል፣ በሩ ላይ ተጽፏል። እስከ ዛሬ ልጁን ዝር አላስብለውም ነበር። አሁን ግን እዚህ ለመደልኝ፤ ከአያቱ ጋር ይገባል።»

«እስከ መቶ ሳልቆጥር አልወጣም» አለ ጌንታ፣ አፉ ዙሪያ ወተት ነጭ መስመር ሠርቶበት። «አባባ ናቸው ያሉኝ። ቢያቃጥለኝም አልወጣም።»

«ተባረክ» አሉ አባባ ኢሶዛኪ።

የናጊሳ እርሳስ ቆመ። ወለሉን ስትፈገፍግ የነበረችው ካናኤ መጥረጊያውን እንደያዘች ባንኮኒው ላይ ጎንበስ አለች። «ዋ፣ ዝም በይ» አለቻት በሹክሹክታ። «ካቃጠለው ራሱ ዘሎ ይወጣል። ልጅ ሞኝ አይደለም።»

አይወጣም፣ ብላ አሰበች ናጊሳ። የለመደው ውሃ ይመስለዋል። ዛሬ የቻለውን ነገ ካልቻለ ያፍራል፤ ስለዚህ ቀልቶም፣ ዞሮበትም ቁጥሩን ይቀጥላል። ለእናትየው ብቻዋን ልትነግራት ፈለገች፤ ግን እናትና ልጅ ጫማቸውን እያደረጉ ነው፣ አባባ ኢሶዛኪም አጠገባቸው ቆመዋል። ወደ ፎቁ ደረጃ አየች። ከባንኮኒው ጀርባ ተነሣች።

«የጌንታ እናት፣ እባክዎ አንዴ ይቆዩኝ።»

ሴትየዋ ፈገግ እንዳለች ዞረች።

«ውሃችን አርባ አራት አይደለም። አርባ ሁለት ነው። መለኪያውን ነካክተነዋል። ጌንታን እዚያ እንዳያስገቡት።»

የእናትየው ፈገግታ ወዲያው አልጠፋም፤ ቀስ እያለ ነው የሄደው። የልጇን እጅ ያዘች። «ለምን?»

«እንድትመለሱ ብዬ።»

አባባ ኢሶዛኪ ፎጣውን ከራሳቸው ላይ አወረዱ። «ከመቼ ወዲህ?»

«ከሰኞ።»

«በእኛም በኩል?»

«በእናንተም በኩል፣ አባባ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻላት ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ያወደሱት ውሃ የሕፃን ገላ ማጠቢያ ያሉት መሆኑ ሲገባቸው ፊታቸው ላይ ታየ፤ ጆሮዎቻቸው ቀሉ። ነጠላ ጫማቸውን አጠለቁ፣ በሩን ከፈቱ፣ ደህና እደሩ ሳይሉ ወጡ።

«አርባ ሁለት ብለሽ ብትለጥፊውም እኮ እመጣ ነበር» አለች የጌንታ እናት። ድምፅዋ ውስጥ ንዴት አልነበረም፣ ቅሬታ እንጂ።

ጌንታ ባዶውን ጠርሙስ አቅፎ ወደ ናጊሳ አንጋጠጠ። «አርባ ሁለት ትንሽ ነው?»

«ትንሽ አይደለም» አለችው። «መጠነኛ» የሚለውን ቃል ልትጨምር አሰበችና ተወችው።

ሲወጡ ካናኤ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ ወረወረችው። «አለቀልን። ነገ ሽማግሌው አድማ ያስመታል፤ አንድም ሰው አይመጣም። አባትሽን ምን ልትዪ ነው?»

«የሆነውን።»

«እኔንም ልትጠሪኝ?»

«አልጠራሽም፤ ቤቱ የእኛ ነው።»

ካናኤ ካቻቢቴውን ከኪሷ አወጣችና ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው።

ናጊሳ በሩን ዘጋች። መጀመሪያ ወደ ሴቶቹ፣ ቀጥሎ ወደ ወንዶቹ ክፍል ገብታ ብሎኖቹን አዞረች፤ መርፌዎቹም አርባ ሁለት ላይ መጥተው ቆሙ። ማሞቂያው ክፍል ገብታ ከመቆጣጠሪያው ፊት ለረጅም ጊዜ ቆመች። አንድ ጣት ብታዞረው ነገ አርባ አራት ይሆን ነበር። አልነካችውም። መብራቱን አጥፍታ ወደ ፎቅ ወጣች፤ አባቷ ገና አልተኛም ነበር።