ለጎሪላዎቹ የትኛው ወር ይሻላል

አይዳና ዓምሃ የተዋወቁት በፈረንጆቹ 2008 መጀመሪያ፣ በረዶ ባቡሩን ኦስሎ ቫይትቬት ጣቢያ ላይ ባቆመበት አንድ ጠዋት ነው። እሷ እዚያው ኦስሎ ተወልዳ ያደገች፣ ላምበርትሴተር በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ የምትሠራ ነርስ ናት። እሱ ከአዲስ አበባ ከመጣ ጥቂት ዓመት የሆነው፣ አልናብሩ በሚባል የጭነት ጣቢያ ባቡር የሚያራግፍ ወጣት። ጭኗ ላይ የተዘረጋውን መጽሐፍ አጮልቆ አየና፣

«ይሄ ጦጣ ነው?» አላት።

«ጎሪላ ነው። ጦጣ ስትለው እንዳይሰማህ።»

ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ስልክ ተለዋውጠው ነበር።

አይዳ ኡጋንዳ ሄዳ ጎሪላዎቹን በጫካቸው ማየት ትመኝ ነበር። ፍቅራቸው ሲጠና፣ «አብረን እንሂድ፤ የትኛው ወር ይሻላል?» አለችው። ዓምሃ አንብቦ መጣ።

«ጁንና ጁላይ። ዝናብ የለም፣ ዳገቱ አያዳልጥም።»

ጁን ሲቃረብ ግን ቱሪስት ይበዛል አለና ወደ ዲሴምበር ገፋው። ዲሴምበር ሲደርስ ፌብሩዋሪን አነሣ። አይዳ አልተጣላችውም። ለማይፈልግ ሰው ፀሐዩም ሰበብ ነው ብላ፣ ስልኩን ማንሣት ቀስ በቀስ ቀነሰች።

ፌብሩዋሪም አለፈ። ቫይትቬት የገበያ ማዕከል ውስጥ ቁጭ እንዳሉ፣ «ትኬት ቆርጫለሁ፣ ፌሪም ወስጃለሁ፣ የዓመት ዕረፍቴን። ኤፕሪል እሄዳለሁ» አለችው።

«ኤፕሪል? ዝናቡ የሚጠናበት ነው እኮ! ጭቃው አያስኬድሽም።»

«ያ፣ አውቃለሁ። አንተ ያልመረጥከው ወር እሱ ብቻ ቀረ።»

ዓምሃ ጓንቱን አወለቀ፣ መልሶ አጠለቀ።

«ፓስፖርት የለኝም፣ አይዳ። የጥገኝነት ጥያቄዬ ገና አልተመለሰልኝም። ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። እናትሽ ብትሰማ ምን ትላለች ብዬ ፈራሁ።»

«ዓመት ሙሉ ስለ ዝናብ ስታወራኝ ከረምክ?»

«ስለ ዝናቡ ስናወራ አብረን የምንሄድ ይመስለኝ ነበር።»

አይዳ ተነሣች። ከዚያ ካፖርቷን ለበሰች፤ ደህና ሁን እንኳ ሳትለው ወጣች።

ኤፕሪል ብቻዋን ሄደች። ቡዊንዲ ጫካ ውስጥ እየወደቀች እየተነሣች ዳገቱን ወጣች። አንዲት እናት ጎሪላ ልጇን በክንዷ ሸሽጋ ዝናቡ እስኪያባራ ስትጠብቅ አገኘች። አብረዋት የወጡ ቱሪስት ባልና ሚስት እጅ ለእጅ ተያያዙ። አይዳ ያኔ ዞር ብላ ጎኗን አየች፤ ማንም አልነበረም። ንዴቷ የት እንደገባ አላወቀችም።

የመመለሻዋን ሰዓት በአጭር መልእክት ላከችለት።

ዓምሃ የአልናብሩን የሥራ ጃኬት እንደለበሰ አየር ማረፊያው መውጫ ላይ ቆሞ ጠበቃት። ሊያቅፋት ይድፈር አይድፈር አልወሰነም።

«እናቴ እሑድ ለምሳ ጠርታሃለች» አለችው። «ሁሉንም ነግሬያታለሁ።»

ፊቱ ተለዋወጠ። «ምን አለች?»

«‹ዶሮ ይበላል?› አለች።»

ዓምሃ ሳቅ ጀመረና መሐል ላይ ድምፁ ተሰበረ። አይዳ ሻንጣዋን መሬት ላይ አስቀምጣ አቀፈችው።