የእጅ ጀርባ

ይህ ሲወራ የሰማሁት አይደለም። በእጄ የዳሰስኩት ነው።

ጥር 1879 ዓ.ም.፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል... እንጦጦ ላይ፣ ከቀበና ወንዝ በላይ።

እኔና ዱጋሳ ጽድ ስንቆርጥ ውለናል። ሚስቱ ዲንቄ አራስ ናት። ከእኛ ዝቅ ብላ ባለች የሣር ጎጆ ውስጥ ከልጇ ጋር ነበረች።

ነፋሱ ወደ ጎጆዋ ይነፍሳል። ስንሞቀው ከዋልነው እሳት አንድ ፍም ከተረፈ ጎጆዋ አትተርፍም።

ዱጋሳ ግን እሳቱን እንደ ቤቱ ምድጃ በአመድ ዳፈነው።

“ምን እያደረግህ ነው?”

“ለነገ ነዋ፣ ጋሼ። ጠዋት እሳት ከማን ልንጭር ነው? ከጅብ?”

“ጫካ ቤትህ አይደለም። ግለጠው።”

ውሃ አፈሰስኩ። በእንጨት አማሰልኩት። ደግሜ አፈሰስኩ። ከዚያ የእጄን ጀርባ አመዱ ላይ አሳረፍኩ። መዳፌ በመጥረቢያ ደንድኗል፤ ሙቀት አይለይም።

በርዷል።

ቁልቁል መውረድ ስንጀምር... እግሬን ሞቀኝ።

ጎንበስ ብዬ ዳሰስኩ። መሬቱ ይፋጃል። ከስንጥቁ ቀጭን ጭስ ወጣ።

“እሳቱ ሥር ይዟል” አልኩ። “ቆፍር!”

የጽዱ ሥር ውስጥ ውስጡን ይነድ ነበር። ቆረጥነው። ውሃ አፈሰስንበት። ዳሰስኩት።

በርዷል።

ጭሱ ግን ወደ ፊት ወጣ... ወደ ጎጆዋ ቀረብ ብሎ።

እንደገና ቆፈርን። እዚያ ሥር የሚባል አልነበረም። ትኩስ አፈር ብቻ።

“ጋሼ...” አለ ዱጋሳ በሹክሹክታ። “ምኑን ይዞ ነው የሚሄደው?”

ቁልቁል አየሁ።

ሌላ ጭስ... ከጎጆዋ ደጃፍ።

ሮጥን።

ዲንቄ ነቅታ ተቀምጣለች። ልጁ ቁርበት ላይ ተኝቷል።

“ቀስ በሉ! ትቀሰቅሱታላችሁ።”

“ውጪ! ከሥርሽ እሳት አለ!” አለ ዱጋሳ።

“የምን እሳት? ከሥራችን ርጥበት ነው የሚመጣው። ልጁን በርዶታል።”

የልጁን ግንባር በእጄ ጀርባ ነካሁ። ሙቀቱ ቀንሷል... ግን አለ። አንስቼ ለአባቱ ሰጠሁት።

ከዚያ ቁርበቱን ገለጥኩ።

አፈሩ ርሷል። ተማስሏል። ልጁ በተኛበት ልክ ደግሞ አብጧል።

አራት የጣት አንጓዎች... በተርታ። አፈሩን ከታች ወደ ላይ ገፍተውታል።

የእጅ ጀርባ ነው።

“ጋሼ፣ ምንድን ነው?” አለች ዲንቄ።

እብጠቱ ቀስ ብሎ ዝቅ አለ። እኔ፣ ፍሙ ገና አለመብረዱን ሳውቅ፣ እጄን እንደማነሳው።

ከዚያ... ከሥር ውሃ ይወጣ ጀመር።