ያልሞቱት ጉንዳኖች

ታቦር ሰፈር ውስጥ ከእኔ ዓይን የሚያመልጥ ነገር የለም። ማን ከማን ጋር እንደተኮራረፈ፣ የማን ዶሮ የማን ጓሮ ገብታ እንቁላል እንደምትጥል፣ ሁሉንም አውቃለሁ። ትምህርቴን ከስድስተኛ ባቋርጥም ለማየት ደብተር አያስፈልግም። ስለዚህ የአከራያችንን የጋሽ ጉልላትን ገዳይ ፖሊስ ግቢያችን ሳይገባ አገኘሁት። ማለቴ፣ አገኘኋት።

ሚሌኒየሙ ሊገባ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው፣ ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ልብስ ላሰጣ ወደ ጓሮ ስወጣ ጋሽ ጉልላት ከዘይቱኑ ዛፍ ሥር በጎናቸው ወድቀዋል። አፋቸው አረፋ ደፍቋል። ጥርሳቸው ላይ አረንጓዴ ነገር ተለጥፏል፤ ምሳ የበሉት ጎመን ነው አልኩ። የሻይ ብርጭቆው አጠገባቸው ተገልብጦ ዙሪያውን ጉንዳን ረግፏል። አንድ የተረፈ ጉንዳን በሽፋሽፍታቸው ላይ ሲሄድ አልጨፈኑም። ያኔ ጮህኩ።

ያ ክረምት የጉንዳን ክረምት ነበር። አመድ ነሰነስን፣ የፈላ ውሃ ደፋን፣ ነጭ ጋዝ ረጨን፣ የቁምሳጥኑን እግሮች ውሃ በሞላ የሳርዲን ጣሳ ውስጥ አቆምን። ጠፋ ስንል ይመለሳል። በመጨረሻ የቤት ሠራተኛዋ ብዙነሽ ከገበያ ነጭ መርዝ ገዝታ ከስኳር ጋር ቀላቀለችና በጣሳ አድርጋ ውጭ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው።

ታዲያ ፖሊሶቹ ሲመጡ ምን ልበል? «ሻዩን ያፈላችው ብዙነሽ ናት! ስኳሩን ከመርዙ አምታታችው!» አልኩ።

ብዙነሽ ከሐይቁ ዳር ከአሞራ ገደል የገዛችውን ዓሣ በፌስታል አንጠልጥላ ስትገባ እጇን ያዟት። ዓሣው ጭቃ ላይ ተዘረገፈ።

«መርዝ ውጭ፣ ስኳር ውስጥ! አልተገናኘም!» እያለች በአማርኛም በሲዳምኛም ጮኸች። «እኔ ከታሰርኩ ልጄን ማን ያበላል?»



ኢንስፔክተር ታቢታ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። አጭር፣ ድምጿ ዝግ ያለ ሴት ናት። ሬሳውን አየች፤ ጥርሳቸውን ጎንበስ ብላ አየች፤ ከዚያ ሰው እየጠበቃት ቁጢጥ ብላ ጉንዳን ታይ ጀመር።

«ያገኘሻቸው አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ ኢንስፔክተር። ነገሩ እኮ አልቋል፤ እንዳይደክሙ ብዬ...»

«ስምሽ ማነው?»

«ሐዳሳ።»

«ሐዳሳ፣ እግርሽን አንሺ።»

የጉንዳን ሰልፍ ላይ ቆሜ ነበር። ሰልፉን እየተከተለች ዛፉ ግንድ ድረስ ሄደች። እዚያ አፈሩ ረጥቧል። ጣቷን ነክራ አሸተተች።

«ቀረፋ ያለው ሻይ» አለች። «እነዚህ ምን ይመስሉሻል?»

«ጉንዳን ነዋ!»

«በሕይወት ያለ ጉንዳን» ብላ ተነሳች።

እትዬ ጸሐይወርቅ፣ የጋሽ ጉልላት ባለቤት፣ ከለቅሶ ቤት ተጠርተው መጥተው ነበር። የሰው ልቅሶ ሊያለቅሱ ሄደው የራሳቸው ቆያቸው። ሳሎን ሲጠየቁ እኔ መስኮቱ ሥር ነበርኩ።

«ባለቤትዎ ሻይ ይወዱ ነበር?»

«ይወድ ነበር። ሦስት ማንኪያ ስኳር ካልገባበት አይነካውም። ግን ሁልጊዜ ብቻውን፣ ከዛፉ ሥር።»

«ሽንት የሚሸኑት የት ነው?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ... አጥሩ ጥግ። ሽንት ቤቱ ይርቃል ብሎ።»

«አጥሩ ጥግም ጉንዳን ሰፍሯል።»

«ሽንቱ ላይ ጉንዳን?» አሉ እትዬ ጸሐይወርቅ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው።

ቀጥሎ የጋሽ ጉልላት ታናሽ ወንድም ሰይፈሚካኤል ገባ። ግቢያችን ውስጥ ባለች አንድ ክፍል ይኖራል፤ ባህል አዳራሽ አጠገብ ያለውን የወንድሙን የሀገር ልብስ ሱቅ የሚጠብቀው እሱ ነው።

«ሻዩን ግማሽ ሲያደርስ አይቼው ነው ወደ ሱቅ የተመለስኩት» አለ። «ትንሽ ብቆይ ኖሮ...» አንገቱን ደፍቶ ተንሰቀሰቀ። እኔም መስኮቱ ሥር አብሬው አለቀስኩ።

«ልብሱን ከየት ነው የምታመጡት?»

«ከሸማኔዎች። ዶርዜም፣ ኮንሶም እመላለሳለሁ።»

ኢንስፔክተሯ አመስግናው ወጣችና በሰይፈሚካኤል ክፍል ጀርባ ባለው ቧንቧ ሥር ረጅም ጊዜ ቆመች። ክፍሉንም አስፈተሸች። ከዚያ ሁላችንም ሳሎን እንድንገባ አዘዘች። ብዙነሽን እጇ እንደታሰረ አስገቧት።

«ብዙነሽ ያፈላችው ሻይ ሁለት ቦታ ነው ያለው» አለች ኢንስፔክተሯ። «አንዱ ዛፉ ሥር ፈስሷል፤ እዚያ ያለው ጉንዳን ጠግቦ ይሮጣል። ሌላው ብርጭቆው ውስጥ የቀረው ነው፤ እዚያ ያለው ረግፏል። አንድ ሻይ ይህን አጥግቦ ያንን አይገድልም። ስለዚህ መርዙ ብርጭቆው ውስጥ የገባው ሻዩ ከተደፋ በኋላ ነው።»

«ማን ነው የደፋው?» አልኩ። አላስቻለኝም።

«ራሳቸው። ዛሬ ብቻም አይደለም፣ በየቀኑ ነው። ጉንዳኑ አመዱንም ጋዙንም ንቆ የሚመለሰው ቀለቡ ስላልተቋረጠ ነው። ለምን እንደሚደፉት ግን እትዬ ጸሐይወርቅ አሁን ያወቁ ይመስለኛል።»

እትዬ ጸሐይወርቅ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። «ስኳር በሽታ» አሉ። «የመጀመሪያ ባሌን የቀበርኩት በእሱ ነው። ያንንም ያወቅሁት ሽንቱ ላይ ጉንዳን አይቼ ነበር። ጉልላትን ሳገባ፣ ‹ይህን በሽታ ሁለተኛ ማስታመም አልችልም› ብዬዋለሁ። እኔ ነኝ ያስደበቅሁት...»

«ደበቁ። ስኳሩን እያስጨመሩ ሻዩን ለዛፉ ሰጡ። የሚጠጡት ሌላ ነበር። ጥርሳቸው ላይ ያለው የሽፈራው ቅጠል ነው።» ወደ እኔ ዞራ አየችኝ። ጎመን ያልኩትን ማን ነገራት? «ለስኳር ይበጃል ብለው አፍልተው የሚጠጡት ብዙ ናቸው። ኮንሶ ሞልቷል። እንዲህ ያለ ምስጢር የሚነገረው ለማን ነው? ቅጠሉን ለሚያመጣ ሰው።»

«ለወንድሜ ቅጠል ማምጣት ወንጀል ሆነ?» አለ ሰይፈሚካኤል።

«አልሆነም። ቅጠሉ በፌስታል፣ ወንድምህ የሚጠጣበት ፔርሙስም ታጥቦ ክፍልህ ውስጥ ተገኝቷል። ፔርሙሱን ግን ለምን አጠብከው? ቧንቧው ሥር ሽፈራው ተለጥፏል፤ ከሥሩ የጉንዳን ሬሳ አለ። ሽፈራው ጉንዳን አይገድልም፤ ፔርሙሱ ውስጥ መርዝ ነበር። ከውስጡ የነበረውን መንገዳቸው ላይ ደፋህባቸው።»

ሰይፈሚካኤል ወደ በሩ አየ፤ ፖሊስ ቆሞበታል።

«ከዚያ ከብዙነሽ ጣሳ ጨልፈህ ብርጭቆው ውስጥ ጨመርክና ገለበጥከው። ወንድምህ ስኳር እንደማይቀምስ ያለአንተ የሚያውቅ የለም፤ ሠራተኛዋ ትታሰራለች፣ አንተ ታለቅሳለህ። ሻዩን ሲጠጣ አየሁ ያልከው ለዚህ ነው። ያ ሰው ሻይ አይጠጣም።»

«ጉልላት ሱቁን በስሜ ሊያዞረው እንደሆነ ሰሞኑን ነግሮኝ ነበር» አሉ እትዬ ጸሐይወርቅ ቀስ ብለው። «ምክንያቱን ሳይነግረኝ።»

ሰይፈሚካኤል ብድግ አለ። «ወጣትነቴን የጨረስኩት እዚያ ሱቅ ውስጥ ነው! እሱ ሊሞት ሲል ለእሷ? ሊሞት እኮ ነበር!»

«ታዲያ ለምን አልተውከውም?» አለች ኢንስፔክተር ታቢታ።

የብዙነሽን ካቴና ፈትተው ለእሱ አጠለቁለት።

ብዙነሽ ማንንም ሳታይ ወጣች። ዓሣውን ድመት በልቶት አጥንቱ ጉንዳን ለብሷል። መጥረጊያዋን አነሳች። ተከተልኳት፤ መቼም እንደዚያ ዝም ብላ ስትጠርግ አያስችልም።

«ብዙዬ፣ እኔ እኮ የሰይፈሚካኤል ለቅሶ ገና ከመጀመሪያው አላማረኝም። ጠርጥሬው ነበር።»

መጥረጊያዋን አቁማ አየችኝ። አንጓዋ ላይ የካቴናው ምልክት እንደቀላ ነው።

«አንቺ ለፖሊስ የሰጠሽው እኔን ነው» አለችኝ። «ደግሞ ሁሉን አያለሁ ትያለሽ። ጉንዳን እግርሽን ይዞ እየወጣ ነው፤ እሱን እንኳን አላየሽም።»