የጋሽ ሃብቶም መኪና ያወጣችው አድራሻ

ስሙኝማ፣ እኔ ምልክት፣ ሟርት፣ ጋኔን የሚባል ወሬ ሲነሳ ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ፣ ሥራዬም እንዲህ ያለውን ነገር እንዳላምን አድርጎኛል። እዚህ ኦስሎ የመኪና ስክሪኖችን፣ ማለትም ካርታውን፣ ሙዚቃውንና ስልኩን የሚያዘውን ኮምፒውተር፣ ሌባ በየት በኩል ሊገባበት እንደሚችል እፈትሻለሁ፣ ቀዳዳ ሳገኝ ለአምራቹ አሳውቃለሁ፣ እና እስከ ዛሬ «በራሱ አደረገው» የተባለ መኪና ሁሉ ሲመረመር ወይ ያልታደሰ ሶፍትዌር ወይ የሰው ዝርክርክነት ነው የተገኘበት።

ጋሽ ሃብቶም ግሮሩድ በሚባለው የኦስሎ ሰፈር ከእኔ በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው፣ አስመራ ተወልደው አዲስ አበባ ስላደጉ አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል። ባለፈው ኅዳር ከአንድ የመኪና ነጋዴ ያገለገለች የኤሌክትሪክ መኪና ገዙ፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላት አንድ ረቡዕ ከሰዓት በሬን አንኳኩ። ከእሁድ ጀምሮ ባስነሷት ቁጥር ያላዘዟትን አድራሻ ታወጣለች አሉኝ፣ ቶየን የሚባል ሰፈር ያለ አንድ ሕንጻ፣ ሁልጊዜ ያው፣ ቢያጠፉትም ተመልሶ ይመጣል። ባለቤታቸው ጸበል ካልተረጨባት አልሳፈርም ብለዋል።

ሳቅኩ፣ ላፕቶፔን ይዤ ከሕንጻችን ሥር መኪና ወደሚቆምበት ጋራዥ ወረድን። አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም፣ የቀድሞው ባለቤት አካውንት አልተሰረዘም፣ ስሙ አርነ ይላል፣ ቤት ተብሎ የተመዘገበውም ያው የቶየን አድራሻ ነው። ይሄ እኛ ዘንድ የታወቀ ቀዳዳ ነው፣ የድሮው ባለቤት ቤቱ ተቀምጦ በስልኩ የመኪናዋን በር ሊከፍት፣ የት እንደቆመች ሊያይ፣ አድራሻም ሊልክባት ይችላል። መኪናዋን ማን ምን እንዳዘዛት የሚይዘውን መዝገብ ለራሴ ቀዳሁና አካውንቱን ሰረዝኩ፣ ሲም ካርዱን ነቀልኩ፣ ስክሪኑን ከፋብሪካ እንደወጣ ባዶ አደረግኩት። እንደገና ስናስነሳት ቋንቋ ምረጡ አለች፣ መረጥን። ከዚያ እመኑኝ፣ የሁለታችንም እጅ ጭናችን ላይ ነበር፣ ፍሬቻዋ ጠቅ፣ ጠቅ ማለት ጀመረች፣ ካርታው ተከፈተ፣ የቶየኑ አድራሻ መጣ። ጋራዡ ኔትወርክ የለውም፣ የሚላክበት መንገድ አልነበረም።

ጋሽ ሃብቶም ሄደን ሰውየውን እንጠይቀው አሉ። እኔም እሺ ያልኩት ፈርቼ ሳይሆን በመሳቄ አፍሬ ነው።

ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ቢሆንም ሰማዩ ጨልሟል። ከታች መጥሪያው ላይ አርነ የሚል ስም አገኘን፣ ብንደውል መልስ የለም፣ አንዲት ሴት ስትወጣ ገብተን ሦስተኛ ፎቅ ወጣን። አንኳኳሁ፣ ዝም። እንመለስ ብዬ ስዞር ጋሽ ሃብቶም ጆሯቸውን በሩ ላይ ለጠፉ።

«ቆይ ልጄ፣ ሰው አለ» አሉኝ በሹክሹክታ።

እኔም አዳመጥኩ፣ ብረት በብረት ሲነካ የሚሰማ ቀጭን ድምፅ ነበር፣ ይመጣል፣ ይጠፋል። አምቡላንስ ጠራሁ፣ እሳት አደጋዎች በሩን ከፈቱት። አዛውንቱ አርነ ወጥ ቤታቸው ወለል ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል፣ በማንኪያ የማሞቂያውን ቱቦ ይመቱ ነበር። ከማክሰኞ ጠዋት ጀምሮ እዚያው ናቸው። ጋሽ ሃብቶም ወለሉ ላይ አጠገባቸው ተጋድመው እጃቸውን ያዙ፣ መጥተናል፣ መጥተናል ይሏቸው ነበር በኖርዌጅኛ። ሐኪሙ አንድ ሌሊት ቢጨመር አይተርፉም ነበር አለን።

ከሳምንት በኋላ ሆስፒታል ሄደን ጠየቅናቸው። አርነ አፕ የሚጫንበት ስልክ ኖሯቸው አያውቅም፣ መኪናዋን የሸጡት ዓይናቸው ስለደከመ ነው፣ ከስክሪኑም ሬዲዮ ከመክፈት ሌላ ነክተው አያውቁም። ታዲያ አካውንቱን ማን ከፈተው ብላቸው «አይ፣ እኔ አይደለሁም» አሉና ፈገግ አሉ። ስንወጣ ጋሽ ሃብቶም ሊፍቱ ውስጥ በእርጋታ አንድ ነገር ጠየቁኝ፣ «ሰውየው የወደቁት ማክሰኞ ነው፣ እኔ አድራሻውን ያየሁት እሁድ ነው፣ እንዴት ነው ነገሩ?» ቤት ገብቼ የቀዳሁትን መዝገብ ከፈትኩ። አድራሻውን ማን እንዳስገባ የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው። ለሥራ ባልደረቦቼ አሳየኋቸው፣ ሁለቱ መዝገቡ ሲቀዳ የተፈጠረ ስህተት ነው አሉ፣ ሦስተኛው አይቶ አይቶ ሁለተኛ እንዳታሳዪኝ አለኝ።

አርነ አሁን በከዘራ ይሄዳሉ። እሁድ እሁድ ጋሽ ሃብቶም በዚያችው መኪና ያመጧቸዋል፣ ከቤታችን ጀርባ ባለው ጫካ ዳር ቀስ ብለው ይራመዳሉ፣ ሁለቱም ሲስቁ ከሰገነቴ እሰማለሁ፣ ሁለቱም የሚያወጋቸው ጓደኛ አጥተው እንደነበር የገባኝም ያኔ ነው።

ሰሞኑን ታዲያ መኪናዋን የሸጠላቸው ነጋዴ ደወለላቸው፣ አምራቹ የደህንነት ቀዳዳዎቹን በሙሉ የሚዘጋ አዲስ ሶፍትዌር አውጥቷል፣ ሐሙስ ያምጧት፣ በነፃ ነው አላቸው። ጋሽ ሃብቶም ትናንት ደረጃው ላይ አስቁመው ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ይደፈን ወይስ ይቅር?»

ለዚህ ጥያቄ ሕይወቴን ሙሉ አንድ መልስ ብቻ ነው የነበረኝ፣ ይደፈን፣ ምክንያቱም ደግ የገባበት በር ክፉም ያስገባል። ትናንት ግን ነገ እነግርዎታለሁ ብዬ ወጣሁ። ይህን ስጽፍ ረቡዕ ማታ ነው፣ ቀጠሮው ነገ ነው፣ ከታች የመኪናቸው በር ሲዘጋ ይሰማኛል፣ እስካሁን አልነገርኳቸውም።