ሠላሳ ጆንያ መኖ

«ይሄ አማርኛ አይነፋም» አለች ሳሚያ፣ ወረቀቱን ወደ ነዋል መልሳ እየገፋች። «እስቲ ‹ማህበራዊ ኃላፊነቱን የተወጣ› ብዬ ለእናቴ ባነብላት ምን ይገባታል?»

«እሱን እኮ ነው በኦሮምኛ ንገሪኝ ያልኩሽ።»

የእረፍት ሰዓት ነበር። በማግስቱ የከብት መኖ ፋብሪካው ለትምህርት ቤታቸው ስልሳ ዴስክ ያስረክባል፤ የምስጋናውን ጽሑፍ በሁለቱም ቋንቋ የምታነበው ደግሞ ነዋል ናት። ድምጿ ስለሚያምር ነው የተመረጠችው ብትሉ ሳሚያ ትስቅባችኋለች። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ቃሲም የነዋል አባት ነው፤ ነገሩ ይኸው ነው። ነዋል ከሚሴ መሀል ከተማ ስላደገች ኦሮምኛዋ ለጨዋታና ለገበያ እንጂ ለመድረክ አይበቃም። ሳሚያ ግን በኦሮምኛ አፏን የፈታች የጨፋ ገጠር ልጅ ናት።

«ኃላፊነት ‹ኢቲ ጋፈተሙማ› ነው የሚባለው» አለች ሳሚያ። «የምትጠየቂበት ነገር ማለት ነው። ሰው ሲጠይቅሽ መልስ የምትሰጪበት።»

ነዋል ጻፈችው። ቀጣዩን ቃል ስትጠይቃት ግን ሳሚያ ሌላ ቦታ ነበረች።

«አውፍ በይኝ፣ ዛሬ ጭንቅላቴ አይሠራም። ጉራቲ ከትናንት ጀምሮ አልተነሳችም።»

ጉራቲ የእነ ሳሚያ ጥቁር ላም ናት። የሳሚያ ደብተርም ጫማም የሚገዛው ከእሷ ወተት ነው።

«ምን ሆነች?»

«እኛስ መቼ አወቅን? ወተቷ ጠፋ፣ ከዚያ ተኛች። እናቴ ትበርታ ብላ መኖውን ጨመረችላት። አዲሱን፣ የእናንተን።»

ነዋል የቅዳሜው ነገር ትዝ አላት። ቅዳሜ ለአባቷ ምሳ ይዛ ፋብሪካው ሄዳ ነበር። መኖ የሚቀላቅለው በድሩ አንድ እፍኝ በቆሎ ይዞ መጣና «ጋሼ፣ ሻግቷል። ሽታውም አላማረኝም» አለ። አባቷ በቆሎውን አሸተተ፣ ሰዓቱን አየ፣ «ከፋጉሎው ጋር ቀላቅለው። የወተት ማህበሩ ሠላሳ ጆንያ ሰኞ መውጣት አለበት» አለው። ነዋል በር ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ትልልቅ ሰዎች የሚያደርጉትን ያውቃሉ ብላ ዝም አለች። ዛሬ ረቡዕ ነው። ሠላሳ ጆንያ ሠላሳ ቤት ገብቷል፣ ማታ ደግሞ ከብቶቹ ከመስክ ተመልሰው ይበላሉ።

ለሳሚያ ልትነግራት አፏን ከፈተች። ደወሉ ተደወለ፣ እሷም ደወሉን ሰበብ አድርጋ አፏን ዘጋች። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ መምህሩ ሁለት ጊዜ ስሟን ቢጠራም አልሰማችም።

ምሳ ሰዓት ላይ በባጃጅ ፋብሪካው ደረሰች። አባቷ ለነገው የተዘጋጀውን ባነር ቢሮው ወለል ላይ ዘርግቶ ፊደል በፊደል እያየ ነበር።

«አባ፣ የእነ ሳሚያ ላም ልትሞት ነው።»

«ያረቢ፣ ምን አገኛት?»

«የቅዳሜውን መኖ በልታ ነው።»

ቃሲም ተነስቶ በሩን ዘጋ። ቁጡ ሰው አይደለም። ቢቆጣ ለነዋል ይቀላት ነበር።

«ላም በስንት ነገር ትታመማለች፣ ልጄ። ከነገው ዝግጅት በኋላ አጣራለሁ።»

«እስከዚያ ሠላሳውም ቤት ያበላል እኮ።»

«ስሚኝ። ‹ሻጋታ› የሚል ቃል ከዚህ በር ከወጣ ፋብሪካው ተዘጋ ማለት ነው። አርባ ሠራተኛ ልበትን? የራስን ገበና አደባባይ አያወጡም።» ወደ ባነሩ አመለከተ። «ደግሞ በዚህ ከተማ ከእኔ በላይ ማህበራዊ ኃላፊነቱን የተወጣ ማን አለ? ስልሳ ዴስክ ቀላል ነው?»

«በኦሮምኛ ኃላፊነት ‹ኢቲ ጋፈተሙማ› ነው አለችኝ ሳሚያ።» ነዋልም ወደ ባነሩ አመለከተች። «ዴስኩንማ ማንም አልጠየቀህም፣ አባ።»

ቃሲም ጨፋ ነው የተወለደው፤ ቃሉን ከልጁ በላይ ያውቀዋል። ወንበሩ ላይ ቁጭ አለና መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ መጥረግ ጀመረ። ብዙ ጠረገው።

ነዋል ስልኳን አወጣች። የሳሚያ እናት ረቢአ የወተት ማህበሩ ሰብሳቢ ናቸው፤ እሳቸው ከሰሙ ሁሉም ቤት ይሰማል። ደወለችና አባቷም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«ነዋል፣ አካም ጅርታ? አባትሽ ደህና ነው? አላህ ይጨምርለት፣ ለልጆቻችን ያሰበ ሰው።»

ነዋል ስልኩን ወደ አባቷ ዘረጋች። ክንዷ እስኪዝል ጠበቀችው። ቃሲም ቀና ሳይል ራሱን በእምቢታ ነቀነቀ።

«ነዋል? አለሽ?»

ስልኩን ወደ ራሷ መለሰች። ፈርታለች፤ አባቷን ነገ በምን ዓይኗ እንደምታየው አታውቅም።

«እቴ ረቢአ፣ መኖውን ለጉራቲ እንዳይሰጧት። ለማህበሩ ሰዎችም አሁኑኑ ይንገሩልኝ። በቆሎው ሻጋታ ነበረበት።»

ረቢአ ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር።

«ይሄን ማን ያውቅ ነበር፣ ልጄ?»

ቃሲም አሁን ቀና ብሎ ልጁን እያየ ነበር። ስሙን እስክትጠራ እየጠበቀ መሆኑ ከፊቱ ይነበባል።

«እኔ አውቅ ነበር» አለች ነዋል። «ከቅዳሜ ጀምሮ።»