በስልክ የተገኙት አባል

ኢንስፔክተር ልክየለሽ ያን ቀን ዳንግላ ቢሮዋ ተቀምጣ እንጅባራ ስትደውል ዋለች። የጣቢያው ስልክ አይጠራም፤ የአዛዡ አይጠራም፤ የመዝገብ ቤቱም አይጠራም። ተስፋ ቆርጣ ልትወጣ ስትል አንድ ኮንስታብል ካፖርቱ በዝናብ ርሶ በሩ ላይ ቆመ።

«ኢንስፔክተር፣ እንጅባራ ይፈለጋሉ። የከተማው ምክር ቤት አባል አቶ አዱኛ መኝታቸው ላይ ሞተው ተገኙ።»

«ይህን ለመናገር በሚኒባስ መጣህ?»

«ምን ላድርግ? መብራቱ ከንጋት ጀምሮ ጠፍቷል፤ ኔትወርኩም አብሮ ሄደ።»

ማንን እንደምትራገም ግራ ገብቷት ጃኬቷን አነሳች።

አቶ አዱኛ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። በቅርቡ ባጃጅ ተገልብጦ እግራቸውን ስለ ሰበራቸው ከአልጋ አይወርዱም። ልክየለሽ ጎንበስ ብላ ሬሳውን አየች። የከንፈራቸው ውስጥ ቆስሏል። አንድ በርጩማ ወደ አልጋው ተስቦ ቀርቧል። ስልካቸው የለም። ጄሶ የታሰረው እግራቸው ፍራሹ ላይ እንዲሁ ተጋድሟል።

«ይህ ትራስ የት ነበር?» ስትል በራስጌ በኩል የወደቀውን እያሳየች ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሽታዬን ጠየቀች።

«ከእግሩ ሥር። ጠዋት ስወጣ እኔው ነኝ ያደረግሁለት፤ ከፍ ካላለ ያመዋል።»

በትራስ ታፍነው እንደሞቱ ለልክየለሽ ግልጽ ሆነ። ያልገባት ሌላ ነገር ነበር። ምክር ቤቱ ያን ቀን የተሰበሰበው በከተማው ዳር ያለችው የአቶ አዱኛ የትውልድ ቀበሌ ምንጭ ለውኃ ፋብሪካ ይሰጥ አይሰጥ ብሎ ለመወሰን ነው። አባላቱ እኩል ለእኩል በመከፈላቸው ነገሩ በአቶ አዱኛ እጅ ወደቀ። ስብሰባው ለነዋሪ ክፍት ይሁን፣ የታመመ አባልም ሕዝቡ በማጉያ እየሰማው በስልክ ይሳተፍ የሚለውን ደንብ ባለፈው ስብሰባ ተከራክረው ያስጸደቁት እሳቸው ራሳቸው ነበሩ።

«እኔ ገበያ ወጥቼ ከዚያው አዳራሽ ገባሁ» አሉ ሽታዬ። «ማጉያው በጄኔሬተር ይሠራል። ጸሐፊው ምስጋናው ሁላችንንም ስልክ አዘጋን። ከዚያ የራሱን ስልክ ማይክራፎኑ ላይ ደግኖ ‹አቶ አዱኛ፣ በጉዳዩ ላይ ምን ይላሉ?› አለ። ‹እኔ አዱኛ ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ› አለ ባሌ። ጭብጨባ ተከተለ። እኔ ግን በሐፍረት አንገቴን ደፋሁ።»

«የተናገሩት እሳቸው ለመሆናቸው እርግጠኛ ነዎት?»

«ዕድሜዬን ሙሉ የሰማሁት ሰው ይጠፋኛል? እሱ ነው።»

«ከዚያስ?»

«ወጥቼ ስልኬን ከፍቼ ደወልኩ፤ ኔትወርክ የለም። ሮጬ መጣሁ። እጁን ስይዘው እንጨት ሆኗል። አሁን የተናገረ ሰው እንዴት ብሎ ይደርቃል?»

ልክየለሽን ያስቸገራትም ይኸው ነበር። የጣቢያው አዛዥ ግን ምንም አላስቸገረውም፤ የአቶ አዱኛን ተከራይ ጢሞቲዎስን ይዞ አስሮታል። ልጁ የሞባይል ካርድ ይሸጣል፣ በቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ውስጥ ይዘምራል፣ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀውም የጎረቤቱን አነጋገር እያስመሰለ ያስቃል። «ሰውየውን ገደለ፣ ስልኩን ወሰደ፣ እሱን መስሎ መለሰ» አለ አዛዡ።

«ለሳቅ ነበር እኮ፣ ኢንስፔክተር» አለ ጢሞቲዎስ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። «ራሳቸው ‹እስቲ እኔን ሁን› ይሉኝ ነበር።»

«ዛሬ የት ዋልክ?»

«ግቢ ውስጥ ስልኬን ሽቅብ ይዤ ስዞር። እህቴ ጫግኒ ልትወልድ ነው። ኔትወርኩን ብጠብቅ ብጠብቅ የለም፤ ሲያስሩኝም አልመጣም ነበር።»

«ወደ ቤቱ የገባ ሰውስ?»

«ጠዋት በር ሲንኳኳ ሰማሁ። ‹ግባ፣ ክፍት ነው› አሉ አቶ አዱኛ። ማን እንደሆነ ግን ከጓሮ አይታየኝም።»

በማግስቱ ጸሐፊውን ፍለጋ ምክር ቤት ሄደች። ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለች። ከሰዓት ተመልሳ ሄደች፤ አሁንም ስብሰባ ላይ ናቸው። ሻይ ሲገባ ታያለች፣ ሰው ሲወጣ ግን አታይም። ስንት ዓመት በእንዲህ ያለ አግዳሚ ወንበር ላይ እንዳለቀባት እያሰበች ስትናደድ፣ አንደበተ ለስላሳው ምስጋናው ብቅ አለ።

«እኔው ነኝ የደወልኩላቸው» አለ። «ደንቡ በሚለው መሠረት ሕዝቡ እንዲሰማ አደረግሁ።»

«ስብሰባውን ቀድተኸዋል?»

«ወትሮ በስልኬ ነው የምቀዳው። ትናንት ስልኩ ጥሪ ላይ ስለነበር አልቻልኩም።»

«ያለፈው ስብሰባ ቅጂ ይሰጠኝ።»

«የበላይ ፈቃድ ያስፈልጋል።»

«ስብሰባው ክፍት ነው አላላችሁም?»

«ስብሰባው ክፍት ነው። ቅጂው ግን የውስጥ ሰነድ ነው።»

ልክየለሽ መልስ ብትሰጠው የምትሳደብ ስለመሰላት ፊቷን አዙራ ወጣች።

የዚያኑ ዕለት አቶ አዱኛ ተቀበሩ። ከቀበሌያቸው አንድም ሰው አልመጣም። ሽታዬ ድንኳኑ ውስጥ ከተደረደሩት ባዶ ወንበሮች አጠገብ የልክየለሽን እጅ ያዙ። «ልጄ፣ ገዳዩን ብታገኚልኝ መልካም። ከዚያ በላይ ግን ይህን የከሃዲነት ስም ከላዩ አንሺለት። የወንዙ ልጆች እንደ ከሃዲ ጥለውት ብቻውን አፈር ገባ።»

ከዚያ ወደ ግምጃ ቤት ከተማ በሚወስደው መንገድ ጭቃውን እየረገጠች ወደ ቀበሌው ወረደች። ሽማግሌው አቶ ምህረቴ ፈረሳቸውን ሲያጠጡ አገኘቻቸው። የሚያጠጡት ከዚያው ምንጭ ነው።

«ለቅሶው ላይ ለምን ቀሩ፣ አባቴ?»

«በዚህ ውኃ አድጎ፣ በዚህ ውኃ ጨከነ። ምን ብዬ ላልቅስለት?»

«አዳራሹም አጨበጨበለት አሉ።»

ሽማግሌው በቁጣ ቀና አሉ። «ማን ነው እሱ? እኛ? አንዲት እጅ አልተጨበጨበም! ሴቱ ጮኸ፣ ወንዱ ተራገመ። የደገፉት አባላት እንኳ አፍረው መሬት መሬት ያዩ ነበር።»

«ጭራሽ ጭብጨባ አልሰሙም?»

«ከዚያ ከማጉያው ውስጥ እንደ መንኳኳት ያለ ሰማሁ። ማሽኑ የታመመ መስሎኝ ነው።»

ልክየለሽ ከመጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ፈታ አለ። «ነገ የምክር ቤቱ አዳራሽ ይምጡልኝ። ሰዎቹንም ይዘው ይምጡ።»

«ለአዱኛ ብዬ አልመጣም።»

«ለእኔ ብለው ይምጡ።»

አፈ ጉባኤው አቶ ውዱ ነገሩ በቢሯቸው፣ በር ተዘግቶ እንዲያልቅ ፈልገው ነበር። ልክየለሽ የፍርድ ቤት ትእዛዝ አሳየቻቸውና አዳራሹ ይከፈት አለች። ያንን ማኅተም ለማስመታት ግማሽ ቀን ቆማለች። ሽታዬ ከፊት ተቀመጡ። ጢሞቲዎስ በኮንስታብል ታጅቦ ገባ። ምህረቴና የቀበሌው ሰዎች ከኋላ ቆሙ፤ አንዳቸውም ወደ ሽታዬ አልቀረቡም።

ልክየለሽ ማይክራፎኑን ያዘች። «አቶ አዱኛ ‹እደግፋለሁ› እንዳሉ ወይዘሮ ሽታዬ ሮጠው ቤት ደረሱ። የጨበጡት እጅ ደርቆ ነበር። አሁን የሞተ ሰው እንደዚያ አይደርቅም። ስለዚህ ማጉያው ሲናገር እሳቸው ከሞቱ ቆይተዋል።»

«እኛም ያልነው ይህንኑ ነው» አለ የጣቢያው አዛዥ። «ጢሞቲዎስ ነው የተናገረው።»

«በምን ስልክ? ኔትወርኩ ከንጋት ጀምሮ የለም። እኔ ከዳንግላ ስደውል ውዬ ማንንም አላገኘሁም። ጢሞቲዎስ እስኪታሰር ድረስ ሲጠብቀው ኔትወርኩ አልመጣም። ወይዘሮ ሽታዬም ከዚህ በር እንደወጡ ሞክረው አልሠራም። እዚህ ውስጥ ማንም መጥፋቱን ያላወቀው፣ ስልክ ሁሉ ተዘግቶ ስለነበር ነው። ጢሞቲዎስም ሆነ ሌላ ሰው ከዚያ ቤት ወደዚህ ሊደውል አይችልም።»

ምስጋናው ፈገግ አለ። «ለእኔ ለአፍታ መጥቶልኝ ነበር።»

«መጣ እንበል። ወይዘሮ ሽታዬ ከንግግሩ በኋላ ጭብጨባ ሰምተዋል። አዳራሹ ግን አላጨበጨበም። አቶ ምህረቴ፣ ከየት ነበር የመጣው?»

«ከማጉያው ውስጥ» አሉ ሽማግሌው።

«እግሩ ተሰብሮ ብቻውን ለተኛ ሰው ማን ያጨበጭብለታል?» ልክየለሽ እጇን ዘረጋች። «ስልክህን አምጣ። ያለፈውን ስብሰባ አጫውት።»

«የውስጥ ሰነድ ነው...» ብለው ሊከላከሉ የነበሩት አቶ ውዱ ትእዛዙ ላይ ያለውን ማኅተም አይተው ተዉት። ቅጂው ማይክራፎኑ ላይ ተደገነ። ሳልና የወንበር መንቋቋት ቀደመ። ቀጥሎ የሟቹ ጎርናና ድምፅ አዳራሹን ሞላው። «እኔ አዱኛ ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ።» ሞቅ ያለ ጭብጨባም ተከተለ።

ሽታዬ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ልክየለሽ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ያን ቀን ምኑን ነበር የደገፉት?» ስትል ጠየቀች።

«ይህ በር ለሕዝብ እንዲከፈት» አሉ ሽታዬ።

«ምስጋናው ለማንም አልደወለም። ይህንን ቅጂ ነው ያሰማችሁ። በመሐል ጥሪ ገብቶ እንዳያበላሽበት የስልኩን ኔትወርክ ራሱ አጥፍቶት ስለነበር፣ የከተማው ሁሉ መጥፋቱን አላወቀም። ቢያውቅ ኖሮ ‹መስመር የለም› ብሎ ስብሰባውን ይበትን ነበር። አሁን አንድ ነገር አስቡ። አቶ አዱኛ በሕይወት ቢኖሩ በማግስቱ ‹እኔ አላልኩም› ይላሉ። በስማቸው እንዲህ ሊደፍር የሚችለው መሞታቸውን አስቀድሞ ያወቀ ሰው ብቻ ነው። መሞታቸውን ደግሞ ከገዳያቸው በቀር ማንም አያውቅም ነበር። ስልካቸውን የወሰደውም ጥሪ እንዳልገባበት እንዳናይ ነው።»

የምስጋናው ፊት አመድ መሰለ። «የፋብሪካው ማሽን መንገድ ላይ ነበር» አለ። «ምክር ቤቱ ወስኗል ብዬ ለፋብሪካው ቃል ሰጥቻለሁ። ሥራ አስኪያጅ ሊያደርጉኝ ነበር። ጠዋት ሄጄ ለመንኳቸው። ‹ሳይወሰን ውሳኔ መሸጥህን ዛሬ በማጉያው እናገራለሁ› አሉኝ። ዝም ላሰኛቸው ብዬ ነው...»

ኮንስታብሉ የጢሞቲዎስን እጅ ፈትቶ ካቴናውን ምስጋናው ላይ አሰረ።

አቶ ውዱ ጉሮሯቸውን ጠርገው ተነሡ። «የአቶ አዱኛ ድምፅ ተሰርዟል። የምንጩ ጉዳይ እንደገና ይታያል። ለጥንቃቄ ሲባል በዝግ ስብሰባ ነው የሚታየው። በስልክ መሳተፍም ከዛሬ ጀምሮ ታግዷል።»

«እሳቸውን የገደላቸው ስልክ ነው?» ልክየለሽ ጮኸች። «የተከፈተው በር ነው?»

«የአሠራር ጉዳይ ነው፣ ኢንስፔክተር። በጽሑፍ ማመልከት ይችላሉ።»

ገዳይ ማሰር ትችላለች፤ ይህን ግን በየትኛው አንቀጽ እንደምትከስሰው አታውቅም። ማይክራፎኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ ብትወረውረው በወደደች።

ማንም ግን አፈ ጉባኤውን አልሰማም። ምህረቴ በሰው መሐል አልፈው ሽታዬ እግር ሥር በጉልበታቸው ወደቁ። የቀበሌው ሰዎችም ከኋላቸው ተከትለው መጡ።

«ይቅር በይን፣ ሽታዬ። ወንድማችንን ሳናለቅስለት አስቀበርንሽ። እንዴት አመንን?»

ሽታዬ ሽማግሌውን ሊያነሱ ጎንበስ አሉ፤ አልቻሉም፤ እሳቸውም አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጡ።

«እኔስ፣ አያ ምህረቴ?» አሉ። «ያን ቀን ወደ ቤት የሮጥኩት ልሰድበው ነበር።»

ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ያኔ ገና ድምፅ አውጥተው አለቀሱ።