የአባባ አስናቀው አስተርጓሚ

«ዛሬ ምን ቀን ነው በያቸው» አለች ሲስተር ኢንቲሳር በአረብኛ።

ሣህሊቱ ጥያቄውን በአማርኛ ለአያቷ ነገረቻቸው። አባባ አስናቀው ጢማቸውን ዳሰስ አድርገው፣ «እንዲህ ያለች ቆንጆ ፊቴ ተቀምጣ ቀን የምቆጥር ምን ነክቶኝ!» አሉ።

ሣህሊቱ ሳቋን ዋጠችና «ማክሰኞ ነው ይላሉ» አለች።

የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት። ደርግና ሸማቂዎቹ ሲዋጉ ከመተማ ሸሽተው ሱዳን ውስጥ ኡም ጋርጉር የስደተኞች ካምፕ ከገቡ አምስት ዓመት ሆናቸው፤ አረብኛውን እንደ ውሃ ጠጥታዋለች። ክሊኒክ ሲሄዱ የአያቷ አፍ እሷ ናት።

የመጡት ለጉልበታቸው ነበር። አባባ ግን ያንኑ የጉልበት ነገር ሦስት ጊዜ እንደ አዲስ ሲጀምሩት፣ ኢንቲሳር የያዘችውን ቅባት አስቀምጣ መጠየቅ ያዘች።

ሣህሊቱ ነገሩ ገብቷታል። ባለፈው ሳምንት አባባ የቤታቸው መንገድ ጠፍቷቸው፣ ወደ ገዳሪፍ ከተማ ከሚወስደው መንገድ የመለሳቸው አንድ የሎሪ ሹፌር ነው። እናቷ ግን «ለማንም እንዳትተነፍሺ! አበዱ ይሉብናል» ብላታለች።

«ሦስት ቃል ይያዙልኝ፤ በሬ፣ ቁልፍ፣ ብርቱካን። ቆይቼ እጠይቃቸዋለሁ» አለች ኢንቲሳር። ሣህሊቱ ተረጎመች።

ነርሷ ጉልበታቸውን አሽታ ስታበቃ ቃላቱን ጠየቀቻቸው።

«በሬማ አለኝ! ቡሬን የመሰለ!» አሉና አባባ በእርሻ ላይ በሬያቸውን የሚያወድሱበትን ዜማ ለቀቁት። ወረፋ የያዘው ሰው በበሩ አንገቱን አስግጎ አጨበጨበ፤ አንዲት ሴት እልልታውን አቀለጠችው። ኢንቲሳርም ትከሻዋ ተነቃነቀ።

«ሦስቱንም አሉ» አለች ሣህሊቱ።

«ብርቱካን በአረብኛም ብርቱጋል ነው እኮ፤ ይመሳሰላል» አለች ኢንቲሳር ፈገግ ብላ። «አንቺ ስትይው ሰማሁ። እሳቸው አላሉትም።»

የሣህሊቱ ጆሮ ጋለ። «አላበዱም!»

«ማን አበዱ አለ? በእርጅና የሚመጣ የመርሳት በሽታ ይመስለኛል። የእኔም አያት ነበረባት። ለገዳሪፉ ዶክተር ደብዳቤ እጽፋለሁ። ማዳኛ የለውም፤ ግን ብቻቸውን ካልወጡ፣ ሲሳሳቱ ካልተቆጣችኋቸው፣ እንዲህ ከዘፈኑ፣ ገና ብዙ ደስ የሚል ቀን አላቸው። እውነቱን ካልነገርሽኝ ግን በምን ልርዳቸው?»

ሣህሊቱ የመንገዱን ነገር አንድ በአንድ ነገረቻት። ተናግራ ስትጨርስ ደረቷ ቀለላት።

«እናንተ ልጆች፣ ምን እያወራችሁ ነው?» አሉ አባባ፣ ገና ከዘፈኑ ሙቀት ሳይወጡ።

«ጉልበትዎ ይሻለዋል አለች» ልትል አፏን ከፈተች። ተወችው። ወንበሯን ወደ እሳቸው ሳብ አደረገች፣ እጃቸውንም ያዘች።

«አባባ» አለች፣ «ያለችውን ሁሉ ልንገርዎት።»